ቀን የተቆረጠለት ወረቀት፦ ከጀሞ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ በጀሞ፣ በለቡ፣ በኃይሌ ጋርመንትና በጎፋ መብራት ኃይል ቤት ለምታከራዩ ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ በተለያየ ሕጋዊ ሁኔታ የሚኖሩ ስደተኞችን ይመለከታል

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የግቢያችን እድር ጸሐፊም ነኝ። የእድር ጸሐፊ ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ቤት ለቅሶ ገባ የሚለው ወሬ ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። መዝገባችን ዜግነት አይጠይቅም። ወርሃዊ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ አባል ነው፤ ሲሞትበት ድንኳን ይተከልለታል፣ ሲሞት በወግ ይቀበራል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊውና ሱዳናዊው በአንድ ገጽ ላይ ተራ በተራ ተጽፈዋል። የምጽፍላችሁ ይህን መዝገብ ይዤ ቤት ለቤት ስዞር ያየሁትን ነው።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር አንድ ነው። ሰው በሰው አገር ደስ ብሎት እንዲኖር ከሁሉ በፊት ምን ያስፈልገዋል ብትሉኝ፣ ነገን ማወቅ እላለሁ። ገንዘብም ዘመድም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ያም እውቀት ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ፣ ቀን የተቆረጠለት ወረቀት ነው። እናንተ ሕግ አውጪዎች ናችሁና ይህ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው።

የሕይወት እርካታ እንደሚለካ ታውቃላችሁ። ጋሉፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት ጠያቂዎች በየአገሩ እየዞሩ ሰውን አንድ መሰላል በሐሳቡ እንዲያይ ይጠይቁታል። አሥረኛው ደረጃ ሊኖረው የሚችለው ምርጡ ሕይወት ነው፤ ዜሮው ደግሞ የመጨረሻው ክፉ። ዛሬ የትኛው ላይ ቆመሃል? ይሉታል። በየዓመቱ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት አገሮችን የሚያስቀድምና የሚያስከትለው በዚህ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሪፖርት አገራቸውን ለቀው ለሚኖሩ ሰዎች ልዩ ትኩረት ሰጥቶ ነበር። ያገኘውም የእነዚህ ሰዎች እርካታ ወደ ተቀባዩ ሕዝብ እርካታ የሚጠጋ መሆኑን ነው። በዚያ ዓመት ፊንላንድ በሕዝቧ ደስታ አንደኛ ወጣች፤ ከውጭ መጥተው በሚኖሩባት ሰዎች ደስታም አንደኛዋ እሷው ነበረች። እኔ ይህን ሳነብ ተስፋ አድሮብኛል፤ የመጣው ሰው ደስታ በአብዛኛው በተቀበለው አገር እጅ ነው ማለት ነውና። ነገር ግን አማካይ ቁጥር በአንድ ደረጃ ላይ በር ለበር የሚኖሩ ሁለት ሰዎችን፣ መታወቂያ ያለውንና የሌለውን፣ አይለይም። በእኛ ግቢ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

በዓይን የሚታየውም ሌላው ሁሉ አንድ ስለሆነ ነው። ውሃ ለሁላችንም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሊፍት ስለሌለ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሁሉ ጀሪካኑን ተሸክሞ ይወጣል። ጠዋት ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ስንጠብቅ የምንሰለፈው በአንድ ሰልፍ ነው፤ የጤፍ ዋጋ ሲጨምር የሚጨምረው በሁላችን ላይ ነው። የሚለየን ወረቀቱ ብቻ ነው።

አንዱ ጎረቤታችን ኤርትራዊ አናጺ ነው። በስደተኛነት ተመዝግቧል፣ መታወቂያ አለው፤ ስደተኞች በፋይዳ መካተት ሲጀምሩም ቁጥሩን አግኝቷል። ሲም ካርዱ በራሱ ስም ነው። የባንክ ሒሳብ አለው፤ ደንበኛ ቀብድ ሲከፍለው በቀጥታ እሱ ዘንድ ይገባል። ይህ ሰው ሲያማርር የምሰማው የጣውላ ዋጋን፣ የቤት ኪራይን፣ የቤት ሥራውን ትቶ ኳስ የሚያሳድደውን ልጁን ነው። ቅዳሜ ማታ በአርሰናል የተነሳ ከጎረቤት ጋር ይኳረፋል፤ እሑድ ጠዋት ይታረቃል። ምሬቱ ሁሉ የእኛው ምሬት ነው። እኔ ይህን እንደ እርካታ ምልክት ነው የማየው። ሰው የጣውላ ዋጋ ተወደደ ብሎ የሚያማርረው ነገም ጣውላ ገዝቶ እንደሚሠራ ሲያምን ነው።

በዚያው ደረጃ ላይ ሁለት ልጆች ያሏት እናት አለች። እሷም ኤርትራዊት ናት፤ የመጣችው ግን በኋላ ነው። ኤርትራውያን እንደደረሱ በጅምላ ስደተኛ ተብለው የሚታወቁበት አሠራር በ2012 ተለወጠ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ትግራይ ውስጥ የነበሩት የሽመልባና የሕፃፅ ካምፖች ፈረሱ፤ ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ። እሷ አዲስ አበባ ስትደርስ ስሟ የትም መዝገብ ላይ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የለም። ያለችበት የእኛ የእድር መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

እሷ አታማርርም። ስለ ኪራይ ብትጠይቋት ተመስገን ናት፤ ስለ ጤፍ ብትጠይቋት ተመስገን ናት። ቡና ስንጠጣ መጥታ ትቀመጣለች፣ ትስቃለች፣ ልጆቻችንን ታቅፋለች። ከውጭ ለሚያያት ደስተኛ ሴት ናት። ስልኳ ግን በአከራይዋ ስም የወጣ ነው፤ አከራይዋ የተቆጣ ቀን ስልኩም አብሮ እንደሚሄድ ታውቃለች። ስዊድን ያለ ወንድሟ የሚልክላት ገንዘብ የሚገባው በሌላ ጎረቤት ሒሳብ ነው። ያ ጎረቤት ለበዓል ጎጃም ሲወርድ ገንዘቡም አብሮት ይወርዳል፤ እሷ እስኪመለስ ትጠብቃለች፣ ደውላ መጠየቅ ይከብዳታል። ልጇን ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ የምታስበው መድኃኒቱን አይደለም፤ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ምን ይጠይቀኛል ብላ ነው። ፍተሻ አለ የሚል ወሬ በተሰማ ምሽት ልጆቹን ይዛ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ሁለተኛው ልጇ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የተወለደው። ቀለም የሚገባው ልጅ ነው፤ መምህርት ስለሆንኩ ይህን ያለ ማጋነን መናገር እችላለሁ። ነገር ግን አንድ ትምህርት ቤት የልደት ማስረጃ አምጪ ብሎ መልሷት፣ ሌላ ትምህርት ቤት በርዕሰ መምህሩ በጎ ፈቃድ ነው የተቀበለው። የዚያ ርዕሰ መምህር ልብ መልካም ነው። የሕፃን ዕድል ግን በአንድ ሰው ልብ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ነገ አንድ ጠያቂ ፎርም ይዞ በሯን አንኳኩቶ የመሰላሉን ጥያቄ ቢጠይቃት ምን እንደምትል አስቤ አውቃለሁ። ሰባት የምትል ይመስለኛል። ፎርም የያዘ እንግዳ ሰው ከሁሉ በላይ የምትፈራው ነገር ስለሆነ ቶሎ እንዲሄድላት ጥሩ ቁጥር ትሰጠዋለች። ከዚያም በላይ ጠያቂው በሯን ላያንኳኳ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ስደተኞችን ከተቀባዩ ሕዝብ ጎን ያካተተ የኑሮ ጥናት አካሂዷል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ጥናት ግን የሚነሳው ከተመዘገቡት ዝርዝር ነው። ያልተመዘገበ ሰው ኀዘኑም ደስታውም ከቁጥር ውጭ ይቀራል።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ታዲያ ነገሩ ወረቀት ካለ ደስታ አለ ማለት ነው ሊል ይችላል። ነገሩ ከዚያ ጠለቅ ይላል፤ ይህን ያስተማረኝ ሦስተኛው ጎረቤቴ ነው። ወጣት ነው፤ በሕጉ መሠረት ተመዝግቧል፣ የመታወቂያውም ጊዜ አላለፈም። ካናዳ ያሉ ዘመዶቹ ስፖንሰር አድርገውታል። በግቢው ካሉ ስደተኞች ሁሉ የተሻለ ተስፋ ያለው እሱ ነው ብለን እናስብ ነበር። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ አልጋ የለም፤ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶ ይተኛል። ለምን አልጋ አትገዛም ስለው፣ ፕሮሰስ ላይ ነኝ፣ ዛሬ ነገ እሄዳለሁ አለኝ። አናጺው አብሮት እንዲሠራ ለምኖታል፤ ልሄድ ነው ብሎ አልጀመረም። ፍቅረኛ የለውም፤ ልሄድ ነው። የሰፈሩ ልጆች ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር፤ እሱንም ተወው። ስልኩን በቀን ስንቴ እንደሚከፍት እግዚአብሔር ይወቀው። በእጁ ያለው ወረቀት ጥሩ ነው፤ የሚጠብቀው መልስ ግን ቀን የለውም። ቀን የሌለው ተስፋ ወጣትነቱን በቁሙ እየበላው ነው።

ይህ የአንድ ልጅ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የጥገኝነት ጥያቄያቸው ምላሽ እስኪያገኝ ለተለያየ ጊዜ የጠበቁ ሰዎችን አነጻጽሮ ነበር። በጥበቃው ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ዓመት፣ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ሥራ የማግኘትን መጠን ከ4 እስከ 5 በመቶኛ ነጥብ ቀንሶት ተገኘ። ልብ በሉ፤ ሁሉም በመጨረሻ ወረቀቱን አግኝተዋል። የጎዳቸው መቆየቱ ነው። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲከርም ቢፈቀድለትም ቶሎ አይነሳም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከእድራችን መሥራቾች አንዷ የሆኑ እናት አሉ፤ አሥመራ ተወልደው ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ የኖሩ ናቸው። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ወደ ኤርትራ ሲባረሩ የቅርብ ሰው ሄዶባቸዋል። በኋላ በ1996 በወጣው መመሪያ የመኖሪያ ፈቃድ አገኙ። እሳቸው ከመዝገባችን ሁሉ የረኩ ሰው ናቸው ብል አላጋነንኩም፤ ሰው የሚመርቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ናቸው። ፈቃዳቸው የሚታደስበት ወር ሲደርስ ግን ምርቃቱ ያንሳል፤ ደም ግፊታቸው ይነሳል፣ እኛም ተራ እየገባን እናድርላቸዋለን።

ከካርቱም የመጡ ፋርማሲስትና ባለቤታቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ በቪዛ ነው የገቡት። ቪዛው አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ በየቀኑ በዶላር የሚታሰብ ቅጣት ይቆጠራል፤ ከአገር ልውጣ ቢሉ ቅጣቱን መክፈል አለባቸው፣ ልሥራና ልክፈል ቢሉ የሥራ ፈቃድ የላቸውም። የተማሩ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ከግቢው ሁሉ ገንዘብ ይዘው የመጡት እነሱ ነበሩ፤ ዛሬ ከግቢው ሁሉ እንቅልፍ የሌላቸው እነሱ ናቸው።

ይህን ስጽፍ የራሴን እህት አስባለሁ። ሪያድ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ በግሏ መሥራት ስትጀምር ኢቃማዋ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ወደቀ፤ በእርግጥ የምትልከው ገንዘብ ከበፊቱ በለጠ። በግል የሚሠሩት የተሻለ እንደሚከፈላቸው እዚያ የሠራች ሁሉ ታውቃለች። ግን ከዚያ በኋላ ድምጿ ተለወጠ። ስንደውል በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ቀን ከቤት አትወጣም፤ ጥርሷን ሲያማት ታግሳ ከረመች። ገንዘቡ ጨመረ፣ ሰላሟ ጠፋ፤ የእናታችንም እንቅልፍ አብሮ ጠፋ። በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ እሷም አብራ መጣች። ቦሌ ስትደርስ ባዶ እጇን ነበረች፤ እናቴ ግን ልጄ በስሟ ልትጠራ ነው ብላ እልል አለች። በእያንዳንዳችሁ የምርጫ ክልል እንዲህ ያለ እልልታ የሰማ ቤት እንዳለ አልጠራጠርም። ለዚህ ነው እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ልንረዳው የሚገባን። ልጆቻችን በዓረብ አገር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚለምኑትን ወረቀት እኛ ደጅ የቆመ ሰው ይለምነናል።

ወረቀት ሰውን እንደሚያድን ሌላ አገር ተሞክሮ ታይቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ዳካ የሚባለውን ፕሮግራም ስትጀምር፣ በልጅነታቸው ያለ ፈቃድ የገቡ ወጣቶች ሳይባረሩ እንዲሠሩ የሁለት ሁለት ዓመት የሚታደስ ፈቃድ ሰጠች። ዜግነት አይደለም፤ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በኦሬገን ግዛት በተደረገ ጥናት ይህን ፈቃድ ለማግኘት የሚበቁ እናቶች ልጆች ላይ የጭንቀትና ተያያዥ የአእምሮ ጤና ሕመሞች ምርመራ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ፈቃዱ የተሰጠው ለእናቲቱ ነው፤ የዳነው ልጁ ነው። እኔ በክፍሌ ውስጥ ጥፍሩን የሚበላውን ልጅ ሳይ ይህን ጥናት አስታውሳለሁ፤ የእሱ መድኃኒት በእናቱ ስም የሚወጣ ካርድ ነው።

አሜሪካ ሀብታም ናት ለሚል ኮሎምቢያ አለች። ኮሎምቢያ የራሷ ተፈናቃይ የሞላባት፣ ሥራ አጥ የበዛባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ወደ 1.7 ሚሊዮን ለሚጠጉ ቬንዙዌላውያን የአሥር ዓመት ጊዜያዊ ጥበቃ ለመስጠት ወሰነች፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ የገቡ ነበሩ። አሥር ዓመት ማለት አንድ ልጅ ትምህርት ጀምሮ የሚጨርስበት፣ አናጺ መሣሪያ ገዝቶ ዕዳውን የሚከፍልበት ጊዜ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣ ከእናንተ አዲስ ሕግ ከመጠየቄ በፊት ያወጣችሁትን ላመስግን። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። በ2002 ኤርትራውያን ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ ኦሲፒ የሚሉት ማለት ነው፤ ጎፋንና ጀሞን ዛሬ የምናውቃቸው ያደረገው አንዱ ይህ ነው። በ2009 የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1049 ተሻሽሎ የስደተኛ ልጅ ልደት እንዲመዘገብ ሆነ። በ2011 ያጸደቃችሁት አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ እውቅና ላገኘ ስደተኛና ለጥገኝነት ጠያቂ የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማር፣ የባንክ አገልግሎት የማግኘት፣ መታወቂያ የመያዝ መብት ዘርዝሯል። በአፍሪካ እንዲህ የተሟላ የስደተኛ ሕግ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። በዚህ እኮራለሁ።

ይሁን እንጂ እነዚህ መብቶች ሁሉ የሚጀምሩት ከምዝገባ በኋላ ነው። መዝገቡ ላይ ላልደረሰ ሰው አዋጅ ቁጥር 1110 የተዘጋ በር ነው። የማድረስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሆነ፣ በመካከሉ ያለው ሰው ምን ይዞ እንደሚቆይ ደረጃችን ላይ ለሚኖር ሰው የሚነግረው የለም። የምለምናችሁም እዚህ ላይ ነው።

አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶችን ስትቆጣጠሩ፣ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ሁሉ በዚያው ዕለት ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ እንዲያገኝ፣ መልሱ እስኪመጣም ያ ደረሰኝ በፖሊስ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ እንደ መታወቂያ እንዲያገለግል አድርጉ። ከምጠይቀው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ብዙ እንቅልፍ የሚመልሰውም ይኸው ይመስለኛል። መታወቂያ ሊታደስ ሲገባ አዲሱ እስኪሰጥ አሮጌው እንደጸና ይቁጠር፤ ወረፋው የመንግሥት ከሆነ ቅጣቱ በባለጉዳዩ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ሳይመዘገቡ ለቀሩት በአዲስ አበባ የምዝገባ ጊዜ ተወስኖ ይታወጅ፤ መጥቶ የተመዘገበ ሰው በዘገየው ጊዜ እንደማይያዝ በግልጽ ይነገረው፤ ያለዚያ ማንም አይመጣም። ከጦርነት ሸሽተው በቪዛ የገቡና ቪዛቸው ያለፈባቸው ሰዎች የተቆለለባቸው ቅጣት ተሰርዞ ወይ ጥገኝነት እንዲጠይቁ ወይ በሰላም እንዲወጡ ይደረግ። ለሚሰጠው ፈቃድ ደግሞ ዓመታቱን አርዝሙት፤ በየዓመቱ የሚታደስ ሕይወት በየዓመቱ የሚታመም ሕይወት ነው። መልሱ እንቢ ከሆነም እንቢ ይባል፤ በጽሑፍ፣ በምክንያት፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ ተጠቅሶ። ተከልክሎ ያወቀ ሰው ሌላ መንገድ ያስባል፤ እየጠበቀ ያረጀ ሰው ግን ምንም አያስብም።

የልጆቹን ነገር ለብቻ አድርጌዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይህ ሊዘገይ አይገባምና። እዚህ የተወለደ ሕፃን የወላጆቹ ወረቀት ምንም ይሁን ምን የልደት ምስክር ወረቀት ያግኝ። የልደት ምስክር ወረቀት ዜግነት አይሰጥም፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የዜግነት አዋጃችን ቁጥር 378 ዜግነት ከወላጅ እንደሚወረስ በግልጽ ይናገራል፣ እኔም እሱን ለውጡ አላልኩም። የምጠይቀው ሕፃኑ በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ተወልዷል ተብሎ እንዲጻፍለት ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ጎረቤቶቼ የሚያነሱት ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነት ያለበት ስለሆነ ልዘለው አልፈልግም። በ2011 ድንበሩ ተከፍቶ ብዙ ሰው ሲመጣ በጀሞና በጎፋ ኪራይ ንሯል። ከውጭ ዶላር የሚላክለት ሰው ከመምህር ደመወዝ የበለጠ መክፈል ይችል ነበር፤ የራሴ ባልደረቦች ቤት ለቀው ወደ ዳር ተገፍተዋል። ሥራ ያጡ ልጆች አሉን፤ ከየክልሉ የተፈናቀሉ ወገኖች አሉን። ይህ ሁሉ ባለበት ለባዕድ ወረቀት? ይላሉ። የምመልሰው እንዲህ ነው። ሰዎቹ አሉ። ወረቀት ብንከለክላቸውም የሚኖሩት እዚሁ ነው፤ ኪራዩን ይከፍላሉ፣ ዳቦውን ይገዛሉ። የሚለወጠው ወረቀት ሲያገኙ ግብር የሚከፍል ሠራተኛ መሆናቸው፣ በውል የሚከራዩ ተከራይ መሆናቸው ነው። ለጸጥታ ለሚያስብም የተመዘገበ ሰው ይሻላል፤ ስሙንና አድራሻውን የምናውቀው ጎረቤት ከማናውቀው ይልቅ ያሳርፋል። ከወገኖቻችን አፍ የሚነጠቅ ነገርም የለም፤ ደረሰኝና ቀን ከማንም መሶብ አይቀነስም።

ለእናንተ ለአከራዮች ደግሞ፣ እንደ ጎረቤት ልንገራችሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ወረቀት የሌለውን ተከራይ ማንም አይከራከርልህም ብላችሁ በየሦስት ወሩ ኪራይ አትጨምሩበት። ፓስፖርቱን መያዣ ብላችሁ አትውሰዱ። ሲሙ በስማችሁ ከሆነ በንዴት አትዝጉት፤ ያ ስልክ ከእናቷ ጋር የምትነጋገርበት ነው። መታወቂያ ኖሮት ውል የሚፈልገውን ተከራይ ወደ ወረዳ አብራችሁት ሂዱ። በዚህ ረገድ ከግቢያችን ሁለት አከራዮች ያደረጉትን አይቻለሁ፤ ተከራዮቻቸው ግድግዳውን ቀለም ቀብተው፣ የተሰበረውን ቧንቧ በራሳቸው ገንዘብ አሠርተው ነው የሚኖሩት። እንደሚቆይ ያወቀ ሰው ቤቱን ይጠብቃል።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ መንግሥት በታኅሣሥ 2016 በጄኔቫው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ጉባኤ ላይ ስደተኞችን በአገልግሎትና በሥራ ለማካተት ቃል ገብቷል። ቃሉ መፈጸሙን የምትጠይቁ እናንተ ናችሁ። አስፈጻሚዎቹ ሪፖርት ይዘው ሲቀርቡ ስንት ሰው ተመዘገበ ከሚለው ጋር፣ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ ጠበቀ የሚለውን ጠይቁልን። ቀጣዩ የስታቲስቲክስ ጥናት ሲዘጋጅም የእርካታው ጥያቄ እንዲገባ፣ መልሱም በሕጋዊ ሁኔታ ተለይቶ እንዲቀርብ፣ ያልተመዘገቡትም ያለ ስምና ያለ ፍርሃት የሚጠየቁበት መንገድ እንዲፈለግ እለምናለሁ። የሃይማኖት አባቶችና እድሮች በዚህ ሊያግዙ ይችላሉ፤ የሚታመኑት እነሱ ናቸውና።

ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ቋሚ ኮሚቴዎች አባላት መጥተው ሰዎቹን ራሳቸውን ማነጋገር ለሚፈልጉ የእድራችን አዳራሽ ክፍት ነው። ስብሰባችን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የሚናገሩት በስማቸው እንዳይጠየቁ ቃል ከገባችሁልን ሰዎቹን እኔ እጠራለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ እድር ጸሐፊና መምህርት
ጀሞ፣ አዲስ አበባ